ኖራና ትርንጎ

ሳሙና በር ስንደርስ፣ በሰኔ ማለዳ፣
ገደል መች አገኛት? የለመደችው ሜዳ፤
ዘንቢሏን እንደያዘች በጎኗ ወደቀች፣
ቀጭ ሲል እኔ ሰማሁ፣ እሷ ዝም አለች።
ቃሪያው ተበተነ። እኔም ቃሪያ ስለቅም፣
ሰው ሳላነሳ በፊት! ዛሬም አልረሳውም።

በባጃጅ ደግፈን፣ ወረፋ ጠብቀን፣
ከሆስፒታሉ ኮሪደር እስኪመሽ ተጣብቀን፣
ዶክተር ማስተዋል ፊልሙን በመስኮት አንጠልጥላ
«ይኸው ዳሌዋ» አለች፣ በእስክሪብቶ ከልላ።

የነገሥታት ቅጥር ጠጋኝ ነኝ፤ ዘመኔ
ስንጥቅ ሳይ ነው ያለቀ፤ አይስትም ዓይኔ።
ኖራው ያለቀበት፣ ቅርፊቱ የቆመ፣
ቁስቋም ያየሁት ግንብ ፊልሙ ላይ ታተመ።

«ማነው ያፈረሰው?» አልኩ፣ እንደ ዳኛ ቆሜ፣
«ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ላሲዘው ቀድሜ።»

ሳቀች፤ «ጋሽ አጉናፍር፣ አፍራሹ የቤት ልጅ፣
ሌባ እንዳይመስልዎት፣ የግንበኛው ወዳጅ።
የደከመ አጥንት በአሲድ እያሟሟ
ይቆፍራል ሌት ተቀን፣ ድምፁ ሳይሰማ።
ማን ጠራው ቢሉኝም፣ ግንበኛው ነው ጠሪው፤
እሱ ካልላከበት አይነቃም ቆፋሪው።
ሲበቃው ደግሞ ያው ግንበኛ ጥሪውን ያፍናል፣
የሐሰት ደጃፍ አቁሞ መልእክቱን ያስቀራል።
ጥሪ የምታለዝብ ሆርሞን ነበረቻት፣
ኤስትሮጅን የምትባል፤ ዕድሜ ወሰደባት።
ቆፋሪው ፈነጨ፣ ያለ ተቆጣጣሪ፤
ግንበኛው አንድ ሲደርብ ሦስት ይንዳል ቆፋሪ።»

«እንግዲያው ይታሰር!»

«እንዴት ተደርጎ? ግንበኛው ድሮ ሲሠራ
የዕድገት ቃል ጽፎ ይቀብራል ከኖራው ጋራ።
አፍራሹ ሲቆፍር ደብዳቤው ይወጣል፤
‹እዚህ ጎድሏል፣ ና› ብሎ አዲስ እጅ ይጠራል።
አፍራሹ ቢታሰር፣ ማን ሊያወጣ ቃሉን?
ሕንፃው አርጅቶ ይቀራል፣ ታቅፎ ስንጥቁን።»

አምና፣ ቁስቋም ላይ፣ ከእኛ በፊት የመጡት የለጠፉትን ሲሚንቶ ስፍቅ
ከሥሩ፣ ከጥንቱ ኖራ ውስጥ፣ የአውራ ጣት አሻራ አገኘሁ፤
የማላውቀው ግንበኛ፣ ልስኑ ሳይደርቅ የተጫነው።
ጣቴን ጣቱ ላይ አኖርኩ። ልክ ሆነ።
ለማንም አልተናገርኩም፤ ለትርንጎ ብቻ፤
እሷም «እጅህን ታጠብ» አለችኝ።

«ደመወዛቸውስ?» አልኩ። «ወተት፣ ጎመን፣ ፀሐይ፤
መራመድም አለበት፣ ሥራ ፈትቶ አጥንት ላይ
የሚገነባ የለም። ደግሞ ከማንቁርት ሥር
ምስር የሚያህሉ አራት ዕጢዎች፣ ካልሲየም በደም ሲያጥር
‹ካዝናው ይከፈት› ብለው ወደ አጥንት ይልካሉ፤
ሳያቋርጡ ከጮኹ ግንቡን ያስበላሉ።
ያው ድምፅ፣ ያው ሆርሞን፣ በቀን አንዴ ጠርቶ
ዝም ካለ ግን ይሠራል፣ ግንበኛ አንቅቶ።»

ይሄኔ ምራቄን ዋጥኩ።
ሠላሳ ዓመት ሳላቋርጥ የጮኽኩባት እኔ፣
ጨው አነሰ፣ ቁልፉ የታለ፣ ሸሚዜስ፣ ምነው ቆየሽ፣
ዶክተሯ ስለ አጥንት እንጂ ስለ እኔ አላወራችም፤
ቢሆንም ወንበሩ ጠበበኝ።

ብረት ገባ ዳሌዋ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ወጣ።
በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ገልጣ፣
ክንዷን ለብርሃኑ ሰጥታ።
ከውስጥ ያለው ቁፋሮ፣ ግንባታው አይሰማም፤
እጄን ዳሌዋ ላይ ባኖር ጠጠር እንኳ አይንኳኳም።

«ትርንጎ» አልኳት አንዴ። ከዚያ አፌን ያዝኩ፤
መዶሻ እንዳስቀመጠ ሰው መልሷን ጠበቅኩ።
ከዘራዋን ዳብሳ፣ ዞር ብላ አየችኝ፤
«ምነው? ቃሪያ ወደቀብህ?» ብላ ጠየቀችኝ።